ለአሮጌ ላፕቶፕ የትኛው ሊኑክስ? መጀመሪያ ራሙን እዩ

ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ አያገኝም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛ ጄኔሬሽን በታች ያለውን ፕሮሰሰር አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል ቺፕም ይጠይቃል። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ «ኮር አይ ፋይቭ ነው፣ ምንም አይልም» የተባላችሁት ዴል ላቲቲዩድ ኢ6420፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 8460ፒ ወይም ሌኖቮ ቲ420 ሁለተኛ ጄኔሬሽን ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2011 ዕቃ። ሻጩ ጄኔሬሽኑን ካልተጠየቀ አይናገርም። ክልከላውን በዘዴ አልፈው ዊንዶውስ 11 የሚጭኑ አሉ፤ ይነሳል፣ ግን 4 ጊጋ ራምና አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ተነስቶ እስኪረጋጋ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል። በየጊዜው «ፎርማት» እያስደረጉ በክራክ ዊንዶውስ መቀጠልም መፍትሔ አይደለም። ክራኩ ራሱ ብዙ ጊዜ ቫይረሱን ይዞ ይመጣል።

እነዚህ ማሽኖች ግን አልሞቱም። ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔት፣ ለፊልም፣ ለትምህርት ቤት ሥራ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ፤ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለው ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከተጫነባቸው። ጀማሪ ሁሉ የሚጠይቀው «የትኛው ሊኑክስ ይሻላል?» ብሎ ነው። መልሱ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ስንት ጊጋ ራም አለው? ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ነው ወይስ 32? ዲስኩ ኤስኤስዲ ነው ወይስ የሚሽከረከረው? እነዚህን ሦስቱን ካወቃችሁ ምርጫው በአብዛኛው አልቋል፤ ዩቲዩብ ላይ «ምርጥ አስር» የሚሉትን ሰዓት ሙሉ ማየት አያስፈልግም።

ዊንዶውሱ ገና የሚነሳ ከሆነ «ዚስ ፒሲ» ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ፕሮፐርቲስ» ግቡ። የራሙ መጠንና የፕሮሰሰሩ ዓይነት እዚያው ተጽፏል። «ሲስተም ታይፕ» በሚለው መስመር ላይ ሁለት ነገር አለ፤ የተጫነው ዊንዶውስ 32 ቢት ሆኖ ፕሮሰሰሩ 64 ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልጋችሁ የፕሮሰሰሩ ነው። ኮር 2 ዱኦና ከዚያ ወዲህ የመጡት ኮር አይ ሁሉ 64 ቢት ናቸው። ጥርጣሬ የሚያስገቡት ትንንሾቹ ኔትቡኮች ናቸው፤ ኢንቴል አተም ኤን270 ያለው 32 ቢት ብቻ ነው።

ራም ላይ ይህን ያህል የምንጨነቀው ስለ ብሮውዘሩ ነው። አንቲኤክስ የሚባለው ሊኑክስ ባዶውን ሲቀመጥ 300 ሜጋ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ከ700 እስከ 900 ሜጋ አካባቢ ይይዛል፤ ግኖም የሚባል ገጽታ ያለበት ዋናው ኡቡንቱ ከ1 ጊጋ ያልፋል። ፋየርፎክስ ከፍታችሁ ፌስቡክ፣ ጂሜይልና አንድ ዩቲዩብ ስትጨምሩ ግን ከ1 እስከ 2 ጊጋ በራሱ ይሄዳል። ስለዚህ ቀላል ሊኑክስ ስለጫናችሁ ኢንተርኔቱ ቀላል አይሆንም። ቀላሉ ሊኑክስ የሚያደርገው ለብሮውዘሩ ቦታ መልቀቅ ብቻ ነው።

እንግዲህ ምርጫው። 4 ጊጋ ራም ካለው ሊኑክስ ሚንት ጫኑ፤ ሚንት ከሚያወጣቸው ሦስት ዓይነቶች ውስጥ ደግሞ ኤክስኤፍሲኢ የሚለውን። መነሻ ምናሌው ከታች በግራ ነው፣ ሰዓቱ ከታች በቀኝ ነው፣ ዊንዶውስ 7 የለመደ ሰው ምንም ሳይጠፋበት ይጀምራል። ሚንት 22 የተሠራው ኡቡንቱ 24.04 ላይ ስለሆነ እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድረስ ማሻሻያ ያገኛል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ በየዓመቱ እንደገና መጫን የለም። 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ካላችሁ ሲናሞን የሚባለውን ዓይነት ውሰዱ፤ ይበልጥ ያማረ ነው፣ ቅንብሩም የተሟላ ነው። ሦስተኛው፣ ማቴ የሚሉት፣ በሁለቱ መካከል ነው፤ ምንም ክፉ የለውም፣ ግን ካልለመዳችሁት እሱን የምትመርጡበት ምክንያት አላይም።

ዋናውን ኡቡንቱ ለአሮጌ ማሽን አልመክርም። መጥፎ ሆኖ አይደለም። የሚወርደው ፋይል ብቻ ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል፤ ፋየርፎክሱ ደግሞ ስናፕ በሚባል አሠራር ስለሚመጣ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ የመጀመሪያው አከፋፈት ትዕግሥት ይፈታተናል። ሚንት ስናፕን አውጥቶ ፋየርፎክስን በተለመደው መንገድ ያቀርባል።

2 ጊጋ ራም ላይ ነገሩ ይጠባል። ሉቡንቱ እዚህ ጥሩ ነው፤ ገጽታው ቀላል ነው፣ ዊንዶውስን ይመስላል። የ24.04 ስሪቱ ድጋፍ ሦስት ዓመት ብቻ ስለሆነ ግን በሚያዝያ 2019 ዓ.ም. ግድም ያበቃል። ኤምኤክስ ሊኑክስ ሌላው ነው፤ ዴቢያን ላይ የተሠራ፣ ለአሮጌ ዕቃ የታሰቡ የራሱ መሣሪያዎች ያሉት። ለጀማሪ ትንሽ የበዛ ምናሌ አለው፣ ግን ጠንካራ ነው። ከሁለቱ አንዱን ጫኑና «ዜድራም» የሚባለውን አብሩ፤ ራሙ ሲሞላ ውስጡ ያለውን ጨምቆ ስለሚያስቀምጥ ዲስኩ ላይ ከመጻፍ ያድናል። እውነቱን ለመናገር ግን 2 ጊጋ ላይ መጀመሪያ የምመክረው ራም መጨመር ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

1 ጊጋ ወይም 32 ቢት ከሆነ አንቲኤክስ 23 ነው፤ 32 ቢት እትም አለው። ኤምኤክስ 23ም አለው፣ አዲሱ ኤምኤክስ 25 ግን 64 ቢት ብቻ ሆኗል። ዴቢያን ራሱ ከ13ኛው ስሪት ጀምሮ 32 ቢት ኮምፒዩተር ላይ መጫን አቁሟል። ፋየርፎክስም ከስሪት 145 ወዲህ ለ32 ቢት ሊኑክስ አይወጣም፤ ክሮም ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ ትቶታል። ማለት፣ እንዲህ ያለው ማሽን ከእንግዲህ የጽሕፈትና የሙዚቃ ዕቃ ነው። ለልጅ የቁልፍ ልምምድ ይሁን፤ የባንክ ገጽ አይከፈትበት።

ከሊኑክሱ በፊት የሚገዛ ነገር

ያላችሁን ብር አንድ ነገር ላይ ብቻ ማዋል ከቻላችሁ ኤስኤስዲ ላይ አውሉት። 120 ወይም 240 ጊጋ፣ 2.5 ኢንች፣ ሳታ የሚባለው። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የወጣ ላፕቶፕ ሁሉ ማለት ይቻላል ይቀበለዋል። የሚሽከረከረው ዲስክ ላይ ሚንት ለመነሳት ከአንድ ደቂቃ በላይ ሲወስድ ኤስኤስዲ ላይ ግማሹንም አይፈጅም፤ ከሁሉም በላይ ግን ራሙ ሲሞላ ማሽኑ ደርቆ አይቀርም። አንድ ጥንቃቄ፦ አሮጌው ዲስክ 9.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለውና አዲሱ 7 ከሆነ ቦታው ውስጥ ይንቀሳቀሳል። የአሮጌውን ብረት መያዣ ፈታችሁ ለአዲሱ አድርጉለት፤ አራት ብሎን ነው። ኤስኤስዲው ጋር የፕላስቲክ ፍሬም አብሮ ከመጣ እሱን ለጥፉ።

ራም ስትገዙ ዓይነቱን አትሳቱ። ዲዲአር2፣ ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እርስ በርሳቸው አይገቡም፤ ስንጥቁ ቦታው ይለያያል፣ በጉልበት አትግፉ። ተንኮለኛው ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል ነው፤ ቅርጻቸው አንድ ነው። ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት ይሠራል፣ ባለ«ኤል»ው በ1.35 ቮልትም ይሠራል። አራተኛና አምስተኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፖች ባለ«ኤል»ውን ይፈልጋሉ፤ ተራውን ስታስገቡባቸው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ወይም ቢፕ ይላል። ሁለተኛና ሦስተኛ ጄኔሬሽን ላይ ግን ባለ«ኤል»ው አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ስለዚህ ግራ ከገባችሁ ባለ«ኤል»ውን ግዙ። ስንት ቦታ እንዳለ ታስክ ማኔጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» ብላችሁ «ሚሞሪ» ላይ ታገኛላችሁ፤ «1 ኦፍ 2» ካለ አንዱ ባዶ ነው።

ላፕቶፑ ከተከፈተ አይቀር ፋኑን አጽዱ። ድሬ ላይ ግንቦትና ሰኔ ክፍሉ ራሱ 35 ዲግሪ ሲሆን፣ የመዳብ ቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ክንፍ በአቧራ ከተደፈነ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰው «ሊኑክሱ ቀዘቀዘ» ይላል፤ ጥፋቱ ግን ክንፉ ላይ እንደ ጨርቅ የተለጠፈው አቧራ ነው። ከውጭ መንፋት አይበቃም፤ አቧራው በፋኑና በክንፉ መካከል ነው የሚቆመው፣ ፋኑ ሲነሳ በጣት ይላጣል። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አሳላፊ፣ ተርማል ፔስቱ፣ ደርቆ ከሆነ አሮጌውን በአልኮል ጠርጋችሁ ምስር የምታክል አዲስ አድርጉ። የላፕቶፑን ሆድ አልጋ ወይም ፍራሽ ላይ አታስቀምጡ።

ማውረድና ፍላሽ ላይ መጻፍ

ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ወደ 2.8 ጊጋ ነው፤ ሉቡንቱ 3 ጊጋ ያህል፣ አንቲኤክስ ከ2 ጊጋ በታች። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ይህ ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት መስመሩ ሲቋረጥ ካቆመበት የሚቀጥል ነገር ተጠቀሙ። ቶረንት ከሁሉ ይሻላል። ሕጋዊ ነው፣ ሚንት ራሱ ገጹ ላይ ያቀርበዋል፣ የወረደውንም እየፈተሸ ነው የሚሄደው። በብሮውዘር ብቻ አውርዳችሁ 99 በመቶ ላይ መብራት ከሄደ ጥቅሉም አብሮ ሄደ። ጓደኛ ካለው መቅዳትም ይቻላል፤ በዚህ ሶፍትዌር ላይ ማካፈል ስርቆት አይደለም፣ ፈቃዱ ራሱ ይፈቅዳል።

የተቀዳም ይሁን የወረደ፣ ሳትፈትሹ አትጻፉ። ሻ 256 የሚባል ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ሚንት ገጹ ላይ ያወጣል። ዊንዶውስ ላይ ሰቨን ዚፕ ካለ ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ሰንሰለቱን ታወጣላችሁ። የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ስምንት ስምንት ፊደሎች አስተያዩ። ካልገጠመ ፋይሉ ተበላሽቷል፤ ሲጫን መሀል ላይ «ስኳሽኤፍኤስ ኢረር» እያለ ጊዜያችሁን ይበላል።

ፍላሹ 8 ጊጋ ይሁን፣ ውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ እወቁ። ርካሽ ፍላሽ ላይ «64 ጊጋ» ተጽፎ ውስጡ 8 የሆነ አለ፤ እውነተኛውን መጠን ሲያልፍ የተጻፈው ዝም ብሎ ይጠፋል። ኤች2ቴስትደብልዩ (H2testw) የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይህን ያጋልጣል። ለመጻፍ ሩፉስ የሚባለውን የዊንዶውስ ፕሮግራም ተጠቀሙ። ከ2012 (እ.ኤ.አ.) በፊት ለወጣ ማሽን «ፓርቲሽን ስኪም» ላይ ኤምቢአር ምረጡ። ሩፉስ «አይኤስኦ ሞድ ወይስ ዲዲ ሞድ» ብሎ ሲጠይቅ የመጀመሪያውን ሞክሩ፤ ላፕቶፑ ፍላሹን ካላየው በሁለተኛው ድገሙ። ብዙ ዓይነት ለመሞከር ለሚፈልግ ቬንቶይ አለ፤ አንዴ ፍላሹ ላይ ከተጫነ በኋላ የወረዱትን የሊኑክስ ፋይሎች (አይኤስኦ የሚባሉትን) እንደ ፊልም ኮፒ ማድረግ ብቻ ነው፣ ሲነሳ ከዝርዝር ትመርጣላችሁ።

ሳይጫን መሞከር

ማሽኑን በፍላሹ ለማስነሳት ዴል ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኢስኬፕ ቀጥሎ ኤፍ9፣ ሌኖቮና ቶሺባ ላይ ኤፍ12 ደጋግሞ መምታት ነው። ኤሰር ላይ መጀመሪያ በኤፍ2 ባዮስ (የማሽኑ የራሱ መነሻ ቅንብር) ገብታችሁ «ኤፍ12 ቡት ሜኑ» የሚለውን ማብራት ሊኖርባችሁ ይችላል።

የሚነሳው ሊኑክስ ከፍላሹ ላይ ነው የሚሠራው፤ ዲስኩን አይነካም። ይቺን ዕድል አታባክኑ። ዋይፋይ ያያል? ድምፅ አለ? የስክሪኑ ብርሃን ይጨምራል ይቀንሳል? ክዳኑን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ይነቃል? እዚህ የሠራ ከተጫነም በኋላ ይሠራል። ፍጥነቱን ግን በዚህ አትፍረዱ፤ ፍላሽ ቀርፋፋ ነው። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ እንደገና አስነስታችሁ ከመጀመሪያው ዝርዝር ላይ «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚለውን ምረጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ የአሮጌ ግራፊክስ ካርድ ጉዳይ ነው።

ብዙ ሰው የሚያስቆመው ዋይፋይ ነው። መጀመሪያ የላፕቶፑን ጎን ዳስሱ፤ አሮጌ ኤችፒና ዴል ላይ የዋይፋይ ማጥፊያ ማንሸራተቻ አለ፣ የ«ድራይቨር ችግር» ተብሎ ከሚመጣው አንዱ ይኼው ነው። እሱ ካልሆነ ካርዱ ብሮድኮም ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ስልካችሁ ኪስ ውስጥ ነው፦ ስልኩን በኬብል ሰክታችሁ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» አብሩ። ሊኑክሱ ያለ ምንም ጭነት እንደ ባለ ገመድ መስመር ያየዋል። ከዚያ «ድራይቨር ማኔጀር» ከፍታችሁ የሚያቀርብላችሁን የብሮድኮም ድራይቨር ጫኑ፤ ጥቂት ሜጋ ነው። ይህን ያደረጋችሁት ከፍላሹ ላይ ከሆነ ሲጠፋ ስለሚረሳው ከተጫነ በኋላ ይደገማል።

ጭነቱ

ፎቶና ሰነዳችሁን ሌላ ዲስክ ላይ አውጡ። «ዊንዶውሱን ሳላጠፋ ጎን ለጎን» የምትሉ፣ መጀመሪያ ዊንዶውስ ውስጥ «ፋስት ስታርትአፕ»ን አጥፉ፤ ካልጠፋ ሊኑክሱ የዊንዶውሱን ክፍል ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። ክፍሉንም እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ በ«ዲስክ ማኔጅመንት» ቀንሱ፣ ቢያንስ 40 ጊጋ ባዶ ተዉ። ዲስኩ 120 ጊጋ ብቻ ከሆነ ግን ሁለቱን ማጨናነቅ አይረባም፤ አንዱን ምረጡ።

መብራት። የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ብዙ ጊዜ አምስት ደቂቃ አይዝም። ሙሉ ዲስክ አጥፍታችሁ እየጫናችሁ መብራት ቢሄድ ችግር የለም፣ ከመጀመሪያ ትጀምራላችሁ። የዊንዶውስ ክፍል እየተቀነሰ ሳለ ቢሄድ ግን ሰነዱ ሊጠፋ ይችላል። አቦ፣ ለዚህች ግማሽ ሰዓት ዩፒኤስ ተዋሱ።

ጫኚው የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ቋንቋውን እንግሊዝኛ አድርጉት፤ ችግር ሲመጣ የምትፈልጉት የስህተት መልእክት በእንግሊዝኛ ካልሆነ መልሱን አታገኙትም። ኪቦርድ ላይ ግን ቆም በሉ። በጅቡቲ በኩል የመጣ ላፕቶፕ ኪቦርዱ የፈረንሳይኛ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ በግራ ኪው የሚገባበት ቦታ ኤ ከተጻፈ እሱ ነው። በእንግሊዝኛ ቅንብር የይለፍ ቃል ካስገባችሁ የተጻፈው ከምታዩት ቁልፍ ይለያል፣ በኋላ ኪቦርዱን ስታስተካክሉ መግባት ታጣላችሁ። ጫኚው መሞከሪያ ሳጥን አለው፤ እዚያ ላይ ጻፉና እዩ። «መልቲሚዲያ ኮዴክ» የሚለውን ሳጥን ኢንተርኔት ካለ ብቻ ምልክት አድርጉ። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ነው።

ሲጨርስና ፍላሹን አውጥታችሁ ስታስነሱ «ኖ ቡት ዲቫይስ» ካለ፣ በተለይ ከ2011 እስከ 2013 (እ.ኤ.አ.) የወጡ ኤችፒዎች ላይ፣ ዩኢኤፍአይ የሚባለው አዲሱ የአነሳስ ዘዴ የሚፈልገው የዊንዶውስን ስም ብቻ ስለሆነ ነው። ባዮስ ገብታችሁ «ሌጋሲ» (የድሮው የአነሳስ ዘዴ) አድርጉ፣ ፍላሹንም በሌጋሲ አስነሱት፣ እንደገና ጫኑ። በአንዱ ሞድ ተጭኖ በሌላው አይነሳም።

ከተጫነ በኋላ

ሰዓቱን እዩ። ላፕቶፑ በጠፋ ቁጥር ወደ 2009 (እ.ኤ.አ.) ከተመለሰ የባዮሱ ባትሪ አልቋል። ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ናት፣ የሰዓት ጠጋኝ ሁሉ ዘንድ አለች፤ አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ግን ሽቦ የተበየደባት ስለሆነች በዓይነቷ መግዛት ነው። ነገሩ ስለ ሰዓት ብቻ አይደለም፦ ቀኑ ከተሳሳተ ብሮውዘሩ ገጾቹን ሁሉ «አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይዘጋል፣ ማሻሻያውም አይወርድም። ሰው ኢንተርኔቱን ይሰድባል።

የመጀመሪያው ማሻሻያ ከ500 ሜጋ ሊያልፍ ይችላል። ያልተገደበ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ አድርጉት። «ሶፍትዌር ሶርስስ» ውስጥ ከዝርዝሩ ፈጣኑን ሚረር (ማሻሻያው የሚወርድበትን ሰርቨር) ምረጡ፤ ፕሮግራሙ ራሱ ፍጥነታቸውን ለክቶ ያሳያችኋል። «አፕዴት ማኔጀር» ቅንብር ውስጥ በራሱ እየፈተሸ ዳታ እንዳይበላ አውቶማቲክ መፈተሹን ማጥፋት ይቻላል። ግን ከጠፋ በወር አንዴ በእጃችሁ አድርጉት።

«ሶፍትዌር ማኔጀር» ውስጥ ለምሳሌ ቴሌግራም ስትፈልጉ ሁለት ምርጫ ይመጣል፤ የሲስተም ፓኬጅና ፍላትፓክ። ፍላትፓኩ አዲስ ነው፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጭኑ አብሮት የሚወርደው መሠረት በመቶዎች ሜጋ ይቆጠራል፤ ዲስክም ይበላል። በጥቅል የምትኖሩ ከሆነ የሲስተም ፓኬጁን ምረጡ። «ታይምሺፍት» የሚባለውን አብሩ፣ የተበላሸ ማሻሻያ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ 120 ጊጋ ዲስክ ላይ ግን ሁለት ቅጂ ብቻ እንዲይዝ አድርጉ፣ አለዚያ ዲስኩን ሞልቶ ማሽኑን ያቆመዋል። ዩቲዩብን በ480 ተመልከቱ፤ እነዚህ ፕሮሰሰሮች አዲሶቹን የቪዲዮ አጨማመቆች በሃርድዌር አይፈቱም፣ 1080 ላይ ፋኑ ይጮሃል።

አንድ ደስ የሚል ነገር፦ ከፎቶኮፒ ቤት የመጣ ፍላሽ ስትሰኩ፣ ዊንዶውስ ላይ ሁሉም «ሾርትከት» ሆኖ የነበረው እዚህ በግልጽ ይታያል። ስም የሌለው ወይም ባዶ ስም ያለው ፎልደር አለ፤ ፋይሎቻችሁ እዚያ ውስጥ ናቸው። ቫይረሱ ሊኑክስ ላይ አይሠራም። ፋይሎቹን ወደ ማሽኑ ቅዱ፣ የሾርትከት ፋይሎቹን ሰርዙ፣ ፍላሹን ፎርማት አድርጉና መልሱ።

አማርኛ

ይህ ካልተስተካከለ ለእኛ ሊኑክሱ ግማሽ ነው። በኦሮምኛና በሶማልኛ የሚጽፉ በላቲን ስለሆነ ምንም አይጨምሩም፤ በአማርኛና በግዕዝ ፊደል ለምንጽፍ ግን ሁለት ፓኬጅ ያስፈልጋል። «ሶፍትዌር ማኔጀር» ወይም «ሲናፕቲክ» ውስጥ አይባስ እና አይባስ-ኤም17ኤን የሚባሉትን ጫኑ። ከዚያ «ኢንፑት ሜተድ» ውስጥ አይባስን ምረጡ፣ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። «አይባስ ፕረፈረንስስ» ከፍታችሁ «አድ» በሉ፣ ከቋንቋዎቹ «አምሃሪክ»ን ስትከፍቱ «ሴራ» የሚል ታገኛላችሁ። መቀያየሪያው የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍና ስፔስ ነው። ሴራ በድምፅ ነው የሚሄደው፤ ኤስ ብቻ ሲመታ ስ፣ ኢ ሲከተለው ሰ። ኤክስ ሽ ነው፣ ሺፍት ይዛችሁ ቲ ስትመቱ ጥ ይመጣል። ሁለት ነጥብ ሁለቴ ሲመታ አራት ነጥብ ይሆናል። ፓወር ግዕዝ የለመደ እጅ ጥቂት ቀን ይሳሳታል። ኪማንም ለሊኑክስ አለ፤ ስልካችሁ ላይ ወይም ዊንዶውስ ላይ እሱን የምትጠቀሙ ከሆነ ልምዳችሁን ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ።

ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ጫኑ። ሌላው ራስ ምታት አሮጌ የመሥሪያ ቤት ሰነድ ነው። በቪዥዋል ግዕዝ ወይም ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ሊብሬኦፊስ ውስጥ ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ምልክት ይሆናል። ፋይሉ አልተበላሸም። ያ ፎንት ያለበትን ማሽን ፈልጋችሁ የፎንቱን ፋይል አምጡ፣ ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ «ኢንስቶል» በሉ፣ ሊብሬኦፊስን ዘግታችሁ ክፈቱ። አዲስ ሰነድ ግን በዚያ ፎንት አትጻፉ።

ሊኑክስ የማይሆንላቸው ሰዎች አሉ፣ ልደብቅ አልፈልግም። በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ዊንዶውሱን አይልቀቅ፤ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳው በዋይን መሞከር ይቻላል፣ የድርጅት ሒሳብ ግን በሙከራ አይያዝም። አውቶካድና ፎቶሾፕም እንደዚያው። ኤስፒኤስኤስ ለሚማር ፒኤስፒፒ መሠረታዊውን ትንታኔ ይሠራል፣ ፋይሉንም ያነባል፤ መምህሩ የተወሰነ ምናሌ ካዘዘ ግን ይቸግራል። ፕሪንተር ላይ ኤችፒ ከሁሉ ይቀላል፤ ያቺ ሁሉ ቤት ያለችው ሌዘርጄት ፒ1102 ብቻ «ፕለጊን» የሚባል ተጨማሪ በኢንተርኔት ስለምታወርድ ስትጭኗት ዳታ ይኑራችሁ። የካነን ኤልቢፒ 6030 ድራይቨሩ ከካነን ገጽ ይወርዳል። 6000 እና 6020 ግን ካፕት የሚባል የቆየ ድራይቨር ነው የሚጠቀሙት፤ አዲስ ሊኑክስ ላይ ማስነሳቱ ለጀማሪ አይመከርም፣ ሰነዱን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ሌላ ማሽን ላይ አትሙ።